ወተት ያልመሰለን ወተት

ፌብሩዋሪ 21

ደብተር ያዢ ያለችኝ ሲስተር ሃርምኬ ናት። የሚያምሽን፣ የበለዘብሽን፣ የደማሽን ሁሉ እየጻፍሽ አምጪ አለችኝ። ሌላ ሌላውንስ ብላት፣ ሌላ ሌላውን ለራስሽ አለች። እንግዲህ የኔ ሌላ ሌላው ይበዛል። ለእሷ የሚሆነውን በብጣሽ ወረቀት እገለብጥላታለሁ፤ ይሄ የኔ ነው። ዱርክ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ ክፍልህ ውስጥ የሚሸትህ ዓሣ ነው። የት እንዳስቀመጥኩት ፈልግ።

ዱርክ ወንድሜ ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ በአእምሮ ግን እንጃ። ከእሱ ሌላ ቤቱ ውስጥ አባዬና እማዬ፣ በረቱ ውስጥ ደግሞ ላሞቹ አሉ። እኔ ሂስኬ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእርሻ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር፤ እሱ እኔን ጨረሰኝ እንጂ እኔ እሱን አልጨረስኩትም።

የጀመረኝ ከገና ወዲህ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ ደም። ካልሲዬን ሳወልቅ እግሬ ላይ ቁንጫ የፈነጨበት የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ። ማንም ሳይነካኝ ጭኔ ላይ የሰሃን ያህል ብልዝ። ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌት የሚባሉ ናቸው አሉኝ፤ ጤነኛ ሰው መቶ ሃምሳ ሺህና ከዚያም በላይ አለው፣ እኔ ስምንት ሺህ። የገዛ ሰውነቴ ጠላት እየመሰሉት ይፈጃቸዋል። መጀመሪያ ስቴሮይድ ሰጡኝ። ፊቴ ክብ አይብ መሰለ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለ፣ ቀን ከበር ጋር እጣላለሁ። ቁጥሩ ወጣ፤ መድኃኒቱን ሲቀንሱልኝ ተመልሶ ወረደ።

አሁን አዲስ ክኒን ነው። አጥንቴ ውስጥ ያለውን ፋብሪካ ይቀሰቅሰዋል ተባለ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ። ከዋጥኩ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ወተት፣ አይብ፣ እርጎ የለም፤ ከመዋጤ በፊትም አራት ሰዓት። ምን ችግር አለው፣ እኛ ቁርስ የምንቀምሰው ከበረት ሥራ በኋላ ነው። ዶክተር ቴርፕስትራ ይሄም ካልሠራ ጣፊያሽን እናወጣዋለን አለኝ፤ ፕሌትሌቶቼ የሚያልቁት እዚያ ነው አሉ። ለውሻችን በላስቲክ ይጠቀልሉልኛል ወይ አልኩት። እሱ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም።

ማርች 1

ጎህ ሳይቀድ እነሣለሁ፣ ክኒኔን እውጣለሁ፣ ወደ በረት። ላም ብትረግጥሽ ውስጥሽ ይደማል ተብዬ ማለቢያው ጋ መድረስ ተከልክያለሁ። እንደ ጡረተኛ ጥጆቹን ሰጡኝ። ባልዲ መሙላት፣ ማጠጣት፣ ጣቴን ማስጠባት።

ዛሬ የወተት ማቀዝቀዣ ታንከሩ ክፍል ስገባ ዱርክ ምስማሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ኩባያ ቀድሞ ይዞታል። እንደ ወትሮው ልነጥቀው ዘለልኩ፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ማን ቀድሞ ይጨልፍ ብለን ያልተራገጥንበት ጠዋት የለም። ዛሬ ግን ዝም ብሎ ሰጠኝ። "ቅደሚ" አለኝ። ጨለፍኩና አፌን በእጅጌዬ ጠርጌ፣ ታመምክ እንዴ አልኩት። እንዲያው ከኔ በሽታ ይሄኛው ይብሳል፤ ዱርክ ጨዋ ሆኗል።

ማርች 6

አሥራ አንድ ሺህ። ሲስተር ሃርምኬ ገና ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል አለች። ክኒኑን በትክክል ትወስጃለሽ ወይ፣ ወተት ነክ ነገር ከቁርስ በፊት አትነኪም አይደል ብላ ጠየቀችኝ። ከቁርስ በፊት አፌ አይከፈትም፣ ከቁርስ በኋላ ነው የማይዘጋው አልኳት። ጻፈችው።

ራሴን ይወቅረኛል። ከክኒኑ ነው፣ ያልፋል ተብሏል።

ማርች 8

አክስቴ ፎኬል ክሬም የተከመረበት ኬክ ይዛ መጣች። ራሴን አመመኝ ስላት ቦርሳዋን ከፍታ አስፕሪን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። እኔ ሲስተሯ ያለችኝን ለማስታወስ ስሞክር እማዬ ከወጥ ቤት በርራ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ። አስፕሪን ያሉኝን ጥቂት ፕሌትሌቶች እንኳ ሥራ ያስፈታቸዋል፤ የተፈቀደልኝ ፓራሲታሞል ብቻ ነው።

አክስቴ ተቀየመች። "እኔ ለልጅቷ ብዬ ነው። ደግሞ ጣፊያ ጣፊያ ትላላችሁ፤ የባሌ እህት ያለ ጣፊያ ነው ሰባት ልጅ የወለደችው።"

ጣፊያው ባይወጣ ስንት ልትወልድ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። እማዬ ሳቋን በማንኪያ ደበቀች። ይህችን ሳቅ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ማርች 14

አሥራ ሁለት። ጉበቴን መረመሩት፤ ክኒኑ አንዳንዱን ሰው ጉበቱ ላይ ይመጣበታል። የኔ ሰላም ነው። ዓይኔንም በመብራት አዩት፤ ሲቆይ የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል ተብሎ። የዓይን ሐኪሙ ስንት ጣት ይታይሻል ሲለኝ፣ "ጣቱን ይተዉት፣ እርስዎ ራስዎ ለምን ሦስት ሆኑ?" አልኩት። ሰውየው ደነገጠ፣ መብራቱን ጣለው። ቀልድ መሆኑን ስነግረው የተናገረኝን እዚህ አልጽፍም። ልክ ነበር።

ማርች 20

ዘጠኝ።

ወረደ።

መጠኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉት። ከዚህ በላይ መውጫ የለም አለኝ ዶክተሩ። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያቅለሸልሸኛል፤ ለሲስተሯ ጻፍኩላት።

ባልዲ ለማስቀመጥ ስሄድ አባዬና እማዬ ማለቢያው ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ። የማለቢያው ማሽን ስለሚጮህ ሰው የማይሰማቸው እየመሰላቸው እነሱም ይጮኻሉ። እማዬ፣ ትራሷን በየማለዳው አያለሁ፣ ነጭ ጨርቅ ያለበስኩት ደሙ እንዲታየኝ ነው አለች። አባዬ፣ "የኔን ወስደው ቢሰጧት" አለ። የጣፊያ መለወጫ የለም። አባዬ ይህን አያውቅም። እኔም ገብቼ አልነገርኩትም።

ትራሴን ነጭ ያደረገችው እንዲያምር መስሎኝ ነበር።

ማርች 27

አሥር ሺህ። የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ፤ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ። ጣፊያ የሌለው ሰው በረባ ባልረባው ስለሚታመም አስቀድመው ክትባት ወጉኝ፤ ሁለቱም ክንዶቼ ወዲያው በለዙ። ዶክተሩ አንዳንድ ሰው ላይ ክኒኑ አይሠራም፣ የማንም ጥፋት አይደለም አለኝ። የማንም ጥፋት አይደለም ሲባል ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የኔ ይመስለኛል።

ሌላ ነገር። ራት ከበላን በኋላ የክኒኑን እሽግ አውጥቼ ሁለተኛ አንድ ፈለቀቅኩ። አንዱ ካልሠራ ሁለት ይሠራ ይሆናላ። አፌ ጋ ደርሶ ነበር። ይህ ክኒን ሲበዛ ደግሞ ደም ያለ ቦታው ይረጋል፣ እግር ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ፤ ሲስተር ሃርምኬ ይህን ስትነግረኝ እጄን ይዛ ነበር፣ በቀልድ እንዳላመልጣት። መልሼ እሽጉ ውስጥ ወተፍኩት። ከዚያ ዱርክ ክፍል ገብቼ የካልሲዎቹን ጫፍ በሙሉ ሰፋሁ። ሰው የሚሠራው ሲያጣ እንዲህ ነው።

ካልሲዎቹን ሊተኛ ሲል አግኝቶ ፈታቸው። አልጮኸብኝም። ውለታ የዋለልኝ መስሎታል።

ኤፕሪል 1

ዛሬ የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፍ፤ ገና ስጽፈው እጄ ይስቃል።

ትናንት ማታ፣ ዱርክን ካልተጣላሁት ሰው ሆኜ እንደማላነጋ ታወቀኝ። አክስቴ ፎኬል ለኬክ ያመጣችው ሰማያዊ ቀለም ነበር፤ በጣት ጫፍ ቢነኩት ሳምንት የማይለቅ። የታንከሩ ክፍል ሄጄ የኩባያውን ውስጥ በቀለሙ ቀባሁትና ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ኩባያው ራሱ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ አይለይም። ቅደሚ የሚለኝ ከሆነ፣ ዛሬስ አንተ ቅደም እለዋለሁ ብዬ ተሰናዳሁ።

ጠዋት ተነሣሁ፣ ክኒኔን ዋጥኩ፣ ወደ በረት ሄድኩ። ዱርክ ሲገባ ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ቅዱስ ቆሜያለሁ። አየኝ። አፉን ከፈተ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። እኔ ገና ምንም አልገባኝም። ባልዲው ላይ አጎንብሼ ፊቴን ባየው ከንፈሬ ሰማያዊ፣ አገጬ ሰማያዊ፣ ምላሴ ሰማያዊ። ሳላውቀው ጠጥቼዋለሁ። እጄ በራሱ ጊዜ አውርዶ፣ ጨልፎ፣ አጠጥቶኛል፤ እኔ አልነበርኩበትም። ለሰው በቆፈርኩት ጉድጓድ እስከ አንገቴ።

በሳሙና ብፈትገው ባሰበት። የደም ምርመራ ቀን ነበርና እንዲሁ ሄድኩ፤ በመንገድ ሁሉ እማዬ መሪውን ይዛ እያየችኝ ስትስቅ ቦይ ልትከተን ነበር።

ሲስተር ሃርምኬ ስታየኝ አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ፣ የያዘችውን ጣለች፣ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ሰካች፣ በሩን ከፍታ ዶክተሩን ጠራች። ከንፈሩ የጠቆረ ሰው አየር ያጠረው ነው፤ ደሙ ሳንባው ውስጥ የረጋ ሊሆን ይችላል። እኔ ቀልድ ነው፣ ቀለም ነው እላለሁ፣ እሷ ጀርባዬን እያዳመጠች ዝም በይ ትለኛለች። መለኪያው ደህና መሆኔን ሲያሳይ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ዶክተሩ ቆሞ ነበር። እኔም የኩባያውን ታሪክ ነገርኳቸው።

"ኩባያው ውስጥ ምን ነበር?" አለች ሲስተሯ።

"ምንም። ወተት።"

ሁለቱ ተያዩ።

"መቼ የምትጠጪው?"

"ጠዋት ነዋ፣ ከታንከሩ። ሁላችንም።"

"ክኒኑን ከዋጥሽ በኋላ?"

አዎ አልኩ።

"ሂስኬ፣ ወተት ትነኪያለሽ ወይ ብዬ በየሳምንቱ ጠይቄሻለሁ።"

"እሱ እኮ መጠጣት አይደለም፣ ሲስተር። ታንከሩን ማየት ነው።"

ይህን ስናገር እማዬን ዞሬ አየኋት። እጇ አፏ ላይ ነበር። ምክንያቱም እሷም እንደዚያ ነው የምትለው፤ አባዬም፣ አያታችንም። እኛ ቤት ወተት ጠጣ የሚባለው ወንበር ስቦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ከታንከሩ የሚጨለፈው ወተቱ ቀዝቅዟል አልቀዘቀዘም ለማለት ነው። ሁልጊዜ ቀዝቅዟል። ሁልጊዜ እስከ ኩባያው ግማሽ እናጣራለን።

ዶክተር ቴርፕስትራ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ክኒኑን አንገቱን ይይዘውና ደምሽ ውስጥ ሳይገባ ይዞት ይወጣል አለኝ። እስከ ዛሬ ክኒኑን የዋጥሽው ለላሞቹ ነው አለ። እንዲህ የሚቀልድ ሰው አይመስልም ነበር።

ቀዶ ጥገናው ለጊዜው እንዲቆይ ተደረገ። መጠኑንም ዝቅ አደረገልኝ፤ ክኒኑ አሁን ሙሉ በሙሉ ከገባ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል፣ በየሳምንቱ ደምሽን እናያለን ብሎ። ቤት ስንደርስ እማዬ ሞተሩን አጥፍታ፣ "በዚያ ኩባያ እኔም ሰጥቼሻለሁ፣ ሲበርድሽ" አለች። ሰማያዊ ምላሴን አወጣሁላት።

ኤፕሪል 4

አሁን ጠዋት የሚፈቀድልኝ ውሃ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄ ነው፤ የኛዎቹ ደግሞ በሰማይ አይደሉም፣ ፊቴ ቆመው ያመነዥጋሉ።

አባዬም ከታንከሩ መጨለፍ ትቷል። ጣዕሙ ጠፋብኝ ይላል። አርጅቷል መሰለኝ።

ኤፕሪል 8

አርባ ስድስት ሺህ። ሲስተር ሃርምኬ በስልክ ስትነግረኝ ደሜ በሌላ ሰው ደም ተቀይሮ እንደሆነ ጠየቅኳት። የማን ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። የላም ይሆናል አልኩ።

ጥርሴን ቦረሽኩ። ነጭ። አረፋው እንዲህ ነጭ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ኤፕሪል 16

መቶ ሠላሳ ስምንት። ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። ጣፊያዬ እዚያው ይኖራል፤ ውሻው ቅር ይበለው። አባዬ ሲሰማ እጁን ታጠበ። ታጥቦ ነበር፤ ደግሞ ታጠበ። ከዚያ በረት ገባና ለረጅም ሰዓት አልወጣም።

ኤፕሪል 19

ላሞቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሣሩ ለቀቅናቸው። ክረምቱን ሙሉ በረት ውስጥ የቆሙት እነዚያ ቁም ነገረኞች በሩ ሲከፈት እንደ ጥጃ ይዘላሉ፣ የኋላ እግራቸውን ወደ ሰማይ ይወረውራሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ለማየት ይመጣል። እኔ ከአጥር ውጪ ነበር መቆም የተፈቀደልኝ። ቆምኩ። አልቆምኩም። አጥሩን ተከትዬ እስከ ቦዩ ድረስ አብሬያቸው ሮጥኩ፤ ከወራት በኋላ ሮጥኩ። አክስቴ ፎኬል ልጅቷ አብዳለች ስትል ሰማኋት። እማዬ፣ "ተያት፣ ትበድ" አለቻት።

ኤፕሪል 22

ሦስት መቶ ዘጠና።

በዛ። ሲስተሯ ራሷ ደወለች፤ ነገ ጠዋት ክኒኑን አትውሰጂ፣ እኛ እስክንል ድረስ አቁሚ። እግርሽን ቢያምሽ፣ ደረትሽን ቢወጋሽ፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ በሌሊትም ቢሆን ደውይ። ድሮ እንዳልደማ፣ አሁን ደግሞ እንዳልረጋ። እንዲያው መሐሉ የት ነው?

ኤፕሪል 23

የግራ ባቴ ያመኛል። ሩጫው ነው። ሩጫው ይመስለኛል። ከሮጥኩ ግን አራት ቀን ሆነ።

ዱርክን ልጠይቀው ነበር፣ ፊቱን አስቤ ተውኩ። ሁሉም ገና መሳቅ መጀመራቸው ነው። ለአንድ ቀን ብተዋቸው ምን አለ።

ኤፕሪል 24

ያንን ትናንት የጻፍኩትን አንብቤ ራሴን በጥፊ መታሁት። እየሳቁ ሊቀብሩኝ ነው እንዴ?

ወጥ ቤት ወረድኩና ለእማዬ በቀጥታ፣ "ባቴን ያመኛል፣ ከትናንት ጀምሮ" አልኳት። ከቀልድ ጋር አልቀላቀልኩትም። ድንቹን ጥላ መኪናዋን አስነሣች። ሆስፒታል እግሬን በጄል ቀብተው በማሽን አዩት፤ አስቂኝ ቅዝቃዜ አለው። እማዬ ስክሪኑን ታያለች፣ ምንም አይገባትም፣ ግን ታያለች። የደም መርጋት የለም። ሩጫ ያልለመደ ጡንቻ ነው አሉ። እንደ ሽማግሌ ቀስ ብለሽ ተነሽ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ አሉኝ።

ዶክተሩ ትናንት ለምን አልደወልሽም አለኝ። መልሴን ግን አልጠበቀም፤ "ዛሬ መጣሽ፣ ጥሩ" አለኝ።

ሜይ 7

ቁጥሩ ቀስ ብሎ ወረደና ከመቶ በታች ሲሆን ክኒኑን በትንሿ መጠን እንደ አዲስ ጀመርን። ጎህ ሳይቀድ፣ በውሃ። ከዚያ ጥጆቹ። ከዚያ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወንበር ስቤ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ጨዋ ሰው የአሬራ ገንፎዬን። ራስ ምታቱ ጠፍቷል።

ሜይ 28

ዘጠና ሁለት። ባለፈው ዘጠና አምስት፣ ከዚያ በፊት ሰማንያ ስምንት። ቆሟል፤ የሚፈለገው ይሄ ነው አለች ሲስተር ሃርምኬ፤ ከፍ እንዲል ሳይሆን እንዲቆም። ጉበትሽ ደህና፣ ዓይንሽ ደህና፣ ከእንግዲህ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ነይ። ልናፍቅሽ ነው አልኳት። "የለም፣ እፎይ እላለሁ" አለች፤ ግን እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ማለቢያው ውስጥም መግባት ተፈቅዶልኛል፤ ከተራጋጭዋ ላም ከግሪቼ በስተቀር። እሷን ጤነኛም አይጠጋትም።

ጁን 3

ከትናንት ወዲያ ገበታ ላይ የዱርክ ሻይ ውስጥ ጨው ጨመርኩበት። ተራ ነገር ነው፣ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አደርገዋለሁ። ጠጣው፣ ዋጠው፣ ኩባያውን አስቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ወገቤን አቅፎ እንደ ድርቆሽ ነዶ ትከሻው ላይ ጫነኝ። ግቢውን አቋረጠ። እጮኻለሁ፣ እነክሰዋለሁ፣ ጀርባውን እደበድባለሁ፤ እሱ ዝም ብሎ ይሄዳል። ቦዩ ጋ ሲደርስ ወረወረኝ።

ውሃው ጭቃና ቅጠል ነው። ወጥቼ ስተነፍስ ዱርክ ዳር ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ይስቃል፣ ዳክዬዎች እየሸሹ ነው፣ አባዬ ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ሞተሩን አጥፍቶ ያያል። ክንዴን ድንጋይ ላይ መትቼው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አየሁት፣ የሳንቲም ያህል በልዟል፣ ደግሞም ዳር ዳሩ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

እማዬ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ጮኸች። የጮኸችው ስለ ልብሱ ብቻ ነው፤ አሁን ገና አጥቤ ያደረቅሁትን ሱሪ ለብሰሽ ነው የገባሽው አለች፣ ለሁለታችሁም እራት የለም አለች፣ መስኮቱን ዘጋችው።